የታረመው መኪና፦ ምክንያትንና ውጤትን አገናዝቦ ስለ መጻፍ

መግቢያ

ባለፈው ትምህርት ገላጭ ድርሰት እንዴት እንደሚጻፍ ተመልክታችኋል። ገላጭ ድርሰት «ነገሩ ምን ይመስላል?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ይሰጣል። በዚህ ትምህርት የምታጠኑት ድርሰት ግን «ነገሩ ለምን ሆነ? ከሆነስ በኋላ ምን አስከተለ?» ለሚሉት ሁለት ጥያቄዎች መልስ የሚሰጥ ነው። ይህም የምክንያትና የውጤት ድርሰት ይባላል።

እንዲህ ያለውን ድርሰት የሚጽፍ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠነቀቅበት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ከአንድ ነገር በኋላ የሆነ ሁሉ በዚያ ነገር ምክንያት ሆነ ማለት አይደለም። ዶሮ ከጮኸ በኋላ ፀሐይ ትወጣለች፤ ዶሮው ስለ ጮኸ ግን አትወጣም። በዶሮውና በፀሐይዋ ላይ ይህን ስሕተት የሚሠራ ሰው የለም። ስለ ማሽን፥ ስለ በሽታ ወይም ስለ ገበያ በሚጻፍበት ጊዜ ግን ስሕተቱ በየዕለቱ ይፈጸማል። ከዚህም የተነሣ ንጹሕ ሰው ይወቀሳል፤ ጥፋተኛውም ነጻ ይወጣል።

ይህን ትምህርት ስትጨርሱ ጊዜን ብቻ የሚያሳዩ ቃላትን ምክንያትን ከሚያሳዩ ቃላት ለይታችሁ ማወቅና በድርሰት ውስጥ በየቦታቸው መጠቀም ይጠበቅባችኋል።

ሀ. ከማንበብ በፊት

የሚከተሉትን ጥያቄዎች በመጀመሪያ በቃል ተወያዩባቸው።

1. አንድ ፋብሪካ የሸጠውን መኪና መልሶ ለእርማት የሚጠራው ለምን ይመስላችኋል?
2. ከጭስ ማውጫ የሚወጣው ነገር ሁሉ በዓይን ይታያልን?
3. የመኪና «ብቃት» ስንል ምን ምን ማለታችን ነው?

ለ. ምንባብ

የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ። በምንባቡ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የታረመው መኪና

የስፖርት መኪና ከሌላው መኪና የሚለየው በሦስት ነገር ነው፦ ከቆመበት ተነሥቶ ቶሎ በመፍጠኑ፥ በመታጠፊያ ላይ መንገዱን አጥብቆ በመያዙና የነጂውን እግር ትእዛዝ ሳይዘገይ በመቀበሉ። ለእንዲህ ያለው መኪና ብዙ ጊዜ የሚመረጠው የቤንዚን ሞተር ነው። የጀርመኑ አውዲ ኩባንያ ግን በ2008 ቲቲ ለተባለው የስፖርት መኪናው ባለ 2 ሊትር የናፍጣ ሞተር አበጀለት። ሞተሩ 170 የፈረስ ጉልበትና 350 ኒውተን ሜትር ጠምዛዥ ኃይል ነበረው። መኪናው ከቆመበት ተነሥቶ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ላይ ለመድረስ 7.5 ሰኮንድ ይበቃው ነበር፤ የመጨረሻ ፍጥነቱም በሰዓት 226 ኪሎ ሜትር ነበር። ጉልበትና የነዳጅ ቁጠባ በአንድ መኪና መገኘታቸው ገዢዎችን አስደሰተ። የአውዲ ባለቤት የሆነው የቮልክስዋገን ኩባንያም የዚህኑ ሞተር ቤተሰብ በሚሊዮን በሚቆጠሩ ሌሎች መኪናዎቹ ላይ ገጥሞ ይሸጥ ነበር።

ይህ ደስታ ምን ያህል ዋጋ እንደነበረው ለመረዳት በሞተሩ ውስጥ የሚሆነውን ማወቅ ያስፈልጋል። ከምንተነፍሰው አየር ውስጥ ከመቶ 78 እጁ ናይትሮጅን ነው። ይህ ጋዝ እንደ ወትሮው ከሌላ ነገር ጋር ለመዋሐድ አይቸኩልም። በሞተሩ ውስጥ ያለው እሳት እጅግ ሲግል ግን ከኦክሲጅን ጋር ተዋሕዶ የናይትሮጅን ኦክሳይዶች የሚባሉትን ጋዞች ይፈጥራል። በሌላ በኩል እሳቱ ሲበርድና ኦክሲጅን ሲያንሰው ነዳጁ አጥርቶ ስለማይነድ ጥቀርሻ ይበዛል። ስለዚህ የናፍጣ ሞተር መሐንዲስ በሁለት ጠላቶች መካከል የቆመ ሰው ነው፤ አንዱን ሲገፋ ሌላው ይጠጋዋል።

ከሁለቱ ጠላቶች አንዱ የሚታይ ነው። አሮጌ የጭነት መኪና ዳገት ሲወጣ የሚያንቦለቡለው ጥቁር ጭስ ጥቀርሻ በመሆኑ ያየው ሁሉ ያወግዘዋል። የናይትሮጅን ኦክሳይዶች ግን ከጭስ ማውጫው ሲወጡ መንገደኛው አያያቸውም። ባይታዩም የመተንፈሻ አካላትን ያስቆጣሉ፤ የአስም ሕመምተኛውን ሕመም ያብሳሉ፤ በፀሐይ ብርሃንም ኃይል በምድር አጠገብ ኦዞን የሚባለውን ጎጂ ጋዝ ለመፍጠር ምክንያት ይሆናሉ። ከመንገድ ዳር የሚኖር ሕፃን መኪናው በስንት ሰኮንድ እንደሚፈተለክ አያውቅም፤ የሚተነፍሰው ግን ከዚያው አየር ነው።

እነዚህን ጋዞች ለመቀነስ ከሚሠራባቸው መንገዶች አንዱ ከወጣው ጭስ ከፊሉን በልዩ ቫልቭ አማካይነት ወደ ሞተሩ መመለስ ነው። ጭሱ አስቀድሞ የነደደ በመሆኑ ኦክሲጅኑ ጥቂት ነው፤ ስለዚህ የእሳቱን ግለት ያበርደዋል። ነገር ግን ይህም ያለ ዋጋ አይገኝም። ጥቀርሻው ስለሚበዛ የጥቀርሻው ማጣሪያ ቶሎ ቶሎ ይሞላል። ማጣሪያውን በሙቀት ለማጽዳት ተጨማሪ ነዳጅ ይቃጠላል። ቫልቩም በጊዜ ብዛት በጥቀርሻ ሊደፈን ይችላል።

በ2013 በአሜሪካ የዌስት ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መለኪያ መሣሪያ በመኪና ላይ ጭነው በእውነተኛ መንገድ ላይ እየነዱ መረመሩ። በ2014 በወጣው ዘገባቸው መሠረት ከቮልክስዋገን መኪናዎች መካከል ጄታ ከተፈቀደው መጠን ከ15 እስከ 35 እጥፍ፥ ፓሳት ደግሞ ከ5 እስከ 20 እጥፍ የሚደርስ የናይትሮጅን ኦክሳይድ ያወጡ ነበር። እነዚህ መኪናዎች በቤተ ሙከራ ሲመረመሩ ግን ፈተናውን ያለፉ ነበሩ።

ምሥጢሩ መስከረም ውስጥ፥ በ18 ሴፕቴምበር 2015፥ በይፋ ተገለጠ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት እንዳስታወቀው ኩባንያው በመኪናዎቹ ኮምፒዩተር ውስጥ ምርመራን የሚያውቅ ሶፍትዌር አስገብቶ ነበር። ሶፍትዌሩ የመሪውን አቀማመጥ፥ የመኪናውን ፍጥነት፥ ሞተሩ የሠራበትን የጊዜ ርዝመትና የአየሩን ግፊት ያገናዝባል። መኪናው በምርመራ ላይ መሆኑን ሲረዳ የጭሱን መቆጣጠሪያ በሙሉ ያሠራል፤ መንገድ ላይ ሲወጣ ግን ያላላዋል። በመላው ዓለም 11 ሚሊዮን ያህል መኪናዎች እንዲህ ያለ ሶፍትዌር እንደነበራቸው ኩባንያው ራሱ አመነ። የኩባንያው የበላይ ኃላፊ ማርቲን ቪንተርኮርን በዚያው ወር በ23ኛው ቀን ሥራቸውን ለቀቁ። በኦክቶበር 2015 የጀርመን መንግሥት የተሽከርካሪዎች ባለሥልጣን በአገሩ ውስጥ ያሉ 2.4 ሚሊዮን መኪናዎች ለእርማት እንዲጠሩ አዘዘ። ባለ ናፍጣው አውዲ ቲቲም እርማት ከሚያስፈልጋቸው የመኪና ዓይነቶች አንዱ ነበር።

በአውሮፓ እርማቱ በ2016 ተጀመረ። ለባለ 2 ሊትሩ ሞተር የታዘዘው እርማት አዲስ ሶፍትዌር መጫን ብቻ ሲሆን በጋራዥ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል የሚፈጅ ነበር። ኩባንያው ጉልበቱም፥ የነዳጁ ፍጆታም፥ የሞተሩ ድምፅም እንደማይለወጥ ለባለንብረቶች ተናገረ። ባለንብረቶቹ ግን ተጠራጠሩ። «አዲስ ዕቃ ሳይገጠም ጭሱ የሚጠራ ከሆነና የሚጎድልም ነገር ከሌለ፥ ቀድሞውኑ ለምን አልተደረገም?» ብለው ጠየቁ። ጥያቄው ተገቢ ነበር።

መልሱን ለማግኘት የመኪናን ብቃት በሁለት ከፍሎ ማየት ይገባል። አንደኛው ነጂው የነዳጁን መርገጫ እስከ ወለሉ ሲረግጥ የሚታየው ሙሉ ጉልበት ነው። በዚህ ጊዜ ሞተሩ የሚገኘውን አየር ሁሉ ስለሚፈልግ ጭስ መላሹ ቫልቭ ብዙውን ጊዜ ይዘጋል። ስለዚህ በወረቀት ላይ የተጻፉት 170 የፈረስ ጉልበትና 7.5 ሰኮንድ በቫልቩ አሠራር መለወጥ እምብዛም አይነኩም። ሁለተኛው በከተማና በጠመዝማዛ መንገድ መርገጫው በከፊል ሲረገጥ የሚታየው ነው። በዚህ ጊዜ ቫልቩ ክፍት ነው፤ የሚመለሰው ጭስ ሲበዛ ሞተሩ ትእዛዙን ለመቀበል ሊዘገይ ይችላል። የስፖርት መኪና ነጂ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ የሚያስተውለው ይህን መዘግየት ነው። በመሆኑም «ጉልበቱ አልቀነሰም» የሚለው መሐንዲስና «መኪናዬ እንደ ቀድሞው አይደለም» የሚለው ነጂ ሁለቱም እውነት ሊናገሩ ይችላሉ፤ የሚናገሩት ስለ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ነውና።

በእንግሊዝ አገር አንዳንድ ባለንብረቶች ከእርማቱ በኋላ መኪናቸው መንገድ ላይ በድንገት ጉልበት እንዳጣ በመግለጽ ለፓርላማው የትራንስፖርት ኮሚቴ አቤቱታ አቀረቡ። ኩባንያውም ከ2017 ጀምሮ ከጭሱ ሥርዓት ጋር የተያያዙ የተወሰኑ ዕቃዎች ከእርማቱ በኋላ በ24 ወር ውስጥ ቢበላሹ የሚቀርበውን አቤቱታ ተመልክቶ እንደሚያስተናግድ ቃል ገባ። ይሁን እንጂ ከመኪናዎቹ ብዙዎቹ በዚያን ጊዜ ዓመታት ያገለገሉ ነበሩ። ባረጀ የናፍጣ መኪና ላይ የቫልቭ መደፈን ያለ ምንም እርማትም ይደርሳል። ስለዚህ የእያንዳንዱ ብልሽት ምክንያት እርማቱ ነው ወይም አይደለም ብሎ በጅምላ መፍረድ አይቻልም። የሚሻለው መንገድ አንዱን መኪና ከእርማቱ በፊትና በኋላ መለካት ነው። አዳክ የተባለው የጀርመን የመኪና ነጂዎች ማኅበር ይህንኑ አደረገ። በለካቸው መኪናዎች ላይ የናይትሮጅን ኦክሳይዱ ሲቀንስ ጉልበቱ ያን ያህል አልተለወጠም፤ በአንዳንዶቹ ላይ ግን የነዳጁ ፍጆታ በመጠኑ ጨመረ።

ኮንሲዩመር ሪፖርትስ የተባለው የአሜሪካ የሸማቾች መጽሔት ደግሞ በ2015፥ የእርማቱ ሶፍትዌር ሳይወጣ፥ ሁለት የጄታ መኪናዎችን በምርመራ ላይ ያሉ እንዲመስላቸው አድርጎ በመንገድ ላይ ለካቸው። የ2011 ሥሪት የሆነው ከቆመበት ተነሥቶ በሰዓት 60 ማይል፥ ማለትም 97 ኪሎ ሜትር ገደማ፥ ለመድረስ ይፈጅበት የነበረው ጊዜ ከ9.9 ወደ 10.5 ሰኮንድ ከፍ አለ። በአንድ ጋሎን ይሄድ የነበረው መንገድም ከ50 ወደ 46 ማይል ወረደ። የ2015 ሥሪት የሆነው ግን ከ9.1 ወደ 9.2 ሰኮንድ ብቻ ዘገየ፤ የሚሄደውም መንገድ ከ53 ወደ 50 ማይል ወረደ። አዲሱ መኪና ዩሪያ በተባለ ፈሳሽ ጭሱን የሚያጣራ ተጨማሪ መሣሪያ ነበረው። ከዚህ የምንማረው ንጽሕና የሚያስከፍለው ጉልበት በተገጠመው መሣሪያ የሚወሰን መሆኑን ነው። ተገቢውን መሣሪያ በጊዜው የገጠመ ጥቂት ይከፍላል፤ ያልገጠመ ብዙ ይከፍላል።

ዋጋውን አስቀድሞ በግልጽ የተናገረ ኩባንያም ነበር። በ2003 የጃፓኑ ማዝዳ ኩባንያ አርኤክስ 8 የተባለውን የስፖርት መኪና በአሜሪካ ሲያቀርብ ሞተሩ 247 የፈረስ ጉልበት እንዳለው አስታውቆ ነበር። የአሜሪካን የጭስ ሕግ ለማሟላት የሞተሩ አሠራር ሲስተካከል ግን ጉልበቱ ወደ 238 ወረደ። ኩባንያው ቁጥሩን አርሞ አወጀ፤ ቅር ለተሰኙ ገዢዎችም መኪናውን መልሶ ለመግዛት ፈቀደ። የጎደለው 9 የፈረስ ጉልበት ከመቶ 4 እጅ እንኳ የማይሞላ ነው። ገዢው ግን የጎደለበትን ዐውቆ እንዲመርጥ ተደርጓል።

የቮልክስዋገን እርማት ነገር በሶፍትዌሩ መጫን አላበቃም። በጁላይ 2022 የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ከኦስትሪያ በቀረቡ ክሶች ላይ ፍርድ ሰጠ። ክሱ የሚመለከተው በእርማቱ የተጫነውን ሶፍትዌር ራሱን ነበር። በዚህ ሶፍትዌር መሠረት ጭስ መላሹ በሙሉ የሚሠራው የውጭው ሙቀት ከ15 እስከ 33 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆንና ቦታው ከባሕር ወለል በላይ ከ1,000 ሜትር በታች ሲሆን ነው። ከዚያ ወሰን ውጭ የሚመለሰው ጭስ እየቀነሰ ይሄዳል። ፍርድ ቤቱም እንዲህ ያለ መሣሪያ ከዓመቱ በአብዛኛው ጊዜ የሚሠራ ከሆነ ሞተሩን ለመጠበቅ ነው ተብሎ ሊፈቀድ እንደማይችል ወሰነ። የአገራችን ተማሪ ይህን ቁጥር በተለይ ልብ ሊለው ይገባል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። እንዲህ የታረመ መኪና በዚህች ከተማ ቢነዳ ዓመቱን ሙሉ የሚሄደው ጭስ መላሹ በሙሉ ከሚሠራበት ወሰን ውጭ ነው። መኪናው ታርሟል፤ አየሩ ግን አልታረመም።

እንግዲህ «የጭስ እርማት የስፖርት መኪናን ብቃት ይቀንሳልን?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ አንድ ቃል አይደለም። ሙሉ ጉልበቱ እምብዛም አይነካም፤ የመርገጫው ምላሽ፥ የነዳጁ ፍጆታና የዕቃዎቹ ዕድሜ ግን ሊነኩ ይችላሉ። ከሁሉ በላይ መታወቅ ያለበት መኪናው ከእርማቱ በፊት ያሳይ ከነበረው ምቾትና ቁጠባ ከፊሉ የራሱ እንዳልነበረ ነው። ነጂው ሳያውቅ፥ መንገደኛውም ሳይፈቅድ፥ ከመንገደኛው ሳንባ የተወሰደ ነበር።

ሐ. የቃላት ፍች

ጥቀርሻ፦ ነዳጅ ወይም እንጨት አጥርቶ ሳይነድ ሲቀር የሚፈጠር ጥቁር ደቃቅ ነገር።
ግለት፦ የእሳት ወይም የአንድ ነገር ከፍተኛ ሙቀት።
ጠምዛዥ ኃይል፦ ሞተሩ ዘንጉን ለማዞር የሚያሳድረው ኃይል።
የእርማት ጥሪ፦ ፋብሪካ የሸጠው ዕቃ ጉድለት ሲገኝበት ያለ ክፍያ ለማስተካከል የሚያደርገው ጥሪ።
ፍጆታ፦ ለአንድ ሥራ የሚያልቅ የነዳጅ ወይም የሌላ ነገር መጠን።
ማገናዘብ፦ አንዱን ነገር ከሌላው ጋር እያስተያዩ መመርመር።
በጅምላ፦ አንድ በአንድ ሳይለዩ፥ በአንድነት።

መ. ሰዋስው

1. ጊዜን ብቻ የሚያሳዩ አያያዦች

«ከ… በኋላ»፥ «ከ… ወዲህ»፥ «ከ… ጀምሮ» የሚሉት የድርጊቶችን ቅደም ተከተል ያሳያሉ እንጂ አንዱ ለሌላው ምክንያት መሆኑን አይናገሩም።

ምሳሌ፦ መኪናው ከታረመ በኋላ ቫልቩ ተደፈነ።

ይህ ዐረፍተ ነገር የሚነግረን የትኛው እንደቀደመና የትኛው እንደተከተለ ብቻ ነው።

2. ምክንያትን የሚያሳዩ አያያዦች

«ስለ»፥ «በ… ምክንያት»፥ «ከ… የተነሣ»፥ «ምክንያቱም» የሚሉት ምክንያትን ያመለክታሉ። እንዲሁም በግሥ መጨረሻ ላይ የሚቀጠለው «-ና» በጽሑፍ ቋንቋ ምክንያትን ያሳያል።

ምሳሌ፦ ጥቀርሻው ስለበዛ ማጣሪያው ቶሎ ሞላ።
ምሳሌ፦ ማጣሪያው ቶሎ ሞላ፤ ጥቀርሻው በዝቷልና።

እነዚህን የሚጠቀም ጸሐፊ ማስረጃ ሊኖረው ይገባል። «ስለ» ብሎ የጻፈ ሰው ምስክርነት እንደሰጠ ይቆጠራል።

3. ውጤትን የሚያሳዩ አያያዦች

«ስለዚህ»፥ «ስለሆነም»፥ «በመሆኑም»፥ «ከዚህም የተነሣ» የሚሉት ከምክንያቱ ቀጥሎ ውጤቱን ያስከትላሉ። ከእነርሱ በፊት ያለው ዐረፍተ ነገር ምክንያቱን በግልጽ መያዝ አለበት።

4. ስለ ቦዝ አንቀጽ ጥንቃቄ

ቦዝ አንቀጽ ሁለት ድርጊቶችን በቀላሉ ስለሚያገናኝ ጸሐፊዎች ይወዱታል። ሆኖም ቅደም ተከተልንም ምክንያትንም ሊያመለክት ስለሚችል ትርጉሙ ይደበላለቃል።

ምሳሌ፦ መኪናው ታርሞ ጉልበቱ ቀነሰ።

አንባቢው ይህን ሲያነብ «ታርሞ» የሚለውን «ስለታረመ» ብሎ ሊረዳው ይችላል። ጸሐፊው ግን «ከታረመ በኋላ» ማለቱ ሊሆን ይችላል። ነገሩ ክርክር ያለበት ሲሆን ቦዝ አንቀጹን ትታችሁ የምትፈልጉትን አያያዥ በግልጽ ጻፉ።

5. አድራጊና ተደራጊ ግሥ

«በመኪናዎቹ ውስጥ ምርመራን የሚያውቅ ሶፍትዌር ገብቶ ነበር» ብንል አድራጊው አይታወቅም። «ኩባንያው በመኪናዎቹ ውስጥ ምርመራን የሚያውቅ ሶፍትዌር አስገብቶ ነበር» ስንል ግን ሥራው ባለቤቱን ያገኛል። ተደራጊ ግሥ አድራጊው በማይታወቅበት ወይም በማያስፈልግበት ጊዜ ተገቢ ነው። አድራጊው እየታወቀ፥ ጥፋትም ሲኖር፥ በተደራጊ ግሥ መጻፍ ጥፋቱን ያለ ባለቤት ማስቀረት ነው።

ሠ. ድርሰት

የሚከተለውን አንቀጽ ተመልከቱ።

«ጎረቤታችን መኪናቸውን ጋራዥ ወስደው አሳረሙ። ከዚያ ወዲህ መኪናው ነዳጅ ይፈጃል። ስለዚህ እርማቱ መኪናውን አበላሽቶታል።»

በዚህ አንቀጽ «ከዚያ ወዲህ» የሚለው የጊዜ አያያዥ ሳይመረመር ወደ «ስለዚህ» ተሸጋግሯል። ጸሐፊው ከመሸጋገሩ በፊት ሊጠይቅ የሚገባው ጥያቄ ነበረ። ከእርማቱ በፊት ፍጆታው ተለክቶ ነበርን? የሚሄዱበት መንገድ፥ የሚጭኑት ጭነት ወይም የጎማው ንፋስ አልተለወጠምን? ጥያቄዎቹን አንሥቶ መልስ ያገኘ ጸሐፊ አንቀጹን እንደሚከተለው ያቃናዋል።

«ጎረቤታችን ከእርማቱ በፊት ለሦስት ወር የቀዱትን ነዳጅና የሄዱበትን ኪሎ ሜትር መዝግበው ይዘው ነበር። ከእርማቱ በኋላም በዚያው መንገድ ለሦስት ወር መዘገቡ። መንገዱና ጭነቱ ባይለወጡም ፍጆታው በመጠኑ ጨምሯል። ስለሆነም ለጭማሪው ዋናው ምክንያት እርማቱ ሳይሆን አይቀርም።»

የሁለተኛው አንቀጽ መጨረሻ «ሳይሆን አይቀርም» የሚል መሆኑን አስተውሉ። ጸሐፊው ማስረጃው የሚፈቅድለትን ያህል ብቻ ተናግሯል። ይህ ፍርሃት ሳይሆን ታማኝነት ነው።

የምክንያትና የውጤት ድርሰት ስትጽፉ ይህን ቅደም ተከተል ተከተሉ።

1. ውጤቱን በግልጽ ወስኑ። «መኪናው ተበላሸ» ከማለት «መርገጫው ሲነካ መኪናው ይዘገያል» ማለት ይሻላል።
2. ሊሆኑ የሚችሉትን ምክንያቶች ሁሉ ዘርዝሩ።
3. ለእያንዳንዱ ምክንያት ያላችሁን ማስረጃ አጠገቡ ጻፉ። ማስረጃ የሌለውን ሰርዙ ወይም «ምናልባት» በሉት።
4. ውጤቱ የሚነካቸውን ሰዎች ሁሉ አስቡ። ስለ መኪና ሲጻፍ ነጂው ብቻ ሳይሆን ከመንገድ ዳር የሚተነፍሰውም ሰው ባለጉዳይ ነው።
5. በመጨረሻ አያያዦቹን መርምሩ። «ስለዚህ» ያላችሁበትን ቦታ ሁሉ «በእርግጥ ስለዚህ ነውን?» ብላችሁ ጠይቁ።

ረ. መልመጃ

መልመጃ 1፦ ምንባቡን መሠረት በማድረግ መልስ ስጡ።

ሀ) ጥቀርሻና የናይትሮጅን ኦክሳይዶች እርስ በርሳቸው የሚቃረኑት እንዴት ነው?
ለ) ሶፍትዌሩ መኪናው በምርመራ ላይ መሆኑን በምን በምን ያውቅ ነበር?
ሐ) መሐንዲሱና ነጂው ሁለቱም እውነት ሊናገሩ የሚችሉት ለምንድን ነው?
መ) የማዝዳ ኩባንያ አሠራር ከቮልክስዋገን አሠራር በምን ይለያል?
ሠ) «መኪናው ታርሟል፤ አየሩ ግን አልታረመም» ሲል ጸሐፊው ምን ማለቱ ነው?

መልመጃ 2፦ በባዶው ቦታ ላይ «ከ… በኋላ»፥ «ስለ» ወይም «ስለዚህ» ከሚሉት ተገቢውን አስገቡ፤ የመረጣችሁበትንም ምክንያት አስረዱ።

ሀ) እሳቱ እጅግ ___ጋለ ናይትሮጅኑ ከኦክሲጅን ጋር ተዋሐደ።
ለ) ሰውየው መኪናውን ___ገዛ ___ ዝናቡ ጀመረ።
ሐ) አዲሱ መኪና የዩሪያ ማጣሪያ አለው፤ ___ የዘገየው በ0.1 ሰኮንድ ብቻ ነው።

መልመጃ 3፦ የሚከተሉትን ዐረፍተ ነገሮች ቦዝ አንቀጹን አስቀርታችሁ አንድ ጊዜ ቅደም ተከተልን ብቻ፥ ሌላ ጊዜ ምክንያትን በሚያሳይ አኳኋን ጻፏቸው።

ሀ) ማጣሪያው ሞልቶ ሞተሩ ጉልበት አጣ።
ለ) ኃላፊው ሥራቸውን ለቀው ኩባንያው አዲስ ሰው ሾመ።

መልመጃ 4፦ ተደራጊውን ግሥ ወደ አድራጊ ለውጡ። አድራጊውን ከምንባቡ ፈልጉ።

ሀ) 2.4 ሚሊዮን መኪናዎች ለእርማት እንዲጠሩ ታዘዘ።
ለ) መኪናዎቹ በእውነተኛ መንገድ ላይ ተመረመሩ።
ሐ) የጉልበቱ ቁጥር ታርሞ ታወጀ።

መልመጃ 5፦ በሠፈራችሁ ወይም በትምህርት ቤታችሁ ከታዩ ለውጦች አንዱን ምረጡ። ሰዎች ለለውጡ የሚሰጡትን ምክንያት ጠይቃችሁ መዝግቡ፤ ከዚያም ማስረጃ ያለውን ከሌለው ለይታችሁ ሦስት አንቀጽ ያለው ድርሰት ጻፉ። ድርሰቱን ለመምህራችሁ ከማስረከባችሁ በፊት ጓደኛችሁ በእያንዳንዱ «ስለ» እና «ስለዚህ» ሥር እንዲያሰምርና ማስረጃችሁን እንዲጠይቃችሁ አድርጉ። መልስ ያላገኘውን አያያዥ ለውጡት።